የጎጃም መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ዲጂታል መዝገባቸውን በምን ይጠብቁ? የአማራጮች ንጽጽር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ ወር መጨረሻ፣ በምሥራቅ ጎጃም ከሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተደውሎልኝ ሄጄ ነበር። የሬጅስትራሩ ኮምፒዩተር ሲከፈት የዓመቱ ውጤት የተሞላባቸው የኤክሴል ፋይሎች ሁሉ ስማቸው ተለውጦ፣ በመጨረሻቸውም ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ተቀጥለውባቸው ተገኙ፤ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ ውስጥ ፋይሎቹን ለማስከፈት ገንዘብ የሚጠይቅ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀምጧል። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ የሁሉንም ቅጂ በፍላሽ ይዘው ነበር፤ ነገር ግን ፍላሹ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ እንደተሰካ ይውል ያድር ስለነበር እርሱም አብሮ ተቆልፏል። ውጤቱ የተመለሰው መምህራኑ በእጃቸው ከሞሉት የወረቀት ማርክ ሊስት ላይ አንድ በአንድ እየተለቀመ ነው፤ ካርድ ይሰጣል የተባለው ቀን አልፎ ወላጆች ከገጠር ቀበሌ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል።

በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ፈቃድ ያለው አንቲቫይረስ ተጭኖ ነበር። ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ግዥውም በደንቡ መሠረት የተፈጸመ ነበር። የጎደለው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ፍላሹን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ።

ይህ ንጽጽር የተጻፈው ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለርእሰ መምህር፣ ለኮሌጅ ዲንና በሥራቸው ላለው፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን ለሆነው፣ የአይሲቲ ባለሙያ ነው። የሚመዝንበትን ሚዛን አስቀድሜ ልናገር። ዕቃ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይዘው ሲመጡ ምርታቸው ምን ያህል ጥቃት እንደሚያግድ ይነግሩናል። እኔ ግን በእያንዳንዱ አማራጭ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን አነሳለሁ፦ መብራትና ኢንተርኔት በሌሉበት ቀን ይሠራልን? ያስገባው ባለሙያ በዝውውር ሲሄድ የሚተካው ሰው ያንቀሳቅሰዋልን? ሥርዓቱ የወደቀ ዕለት ሥራው በስንት ቀን ይመለሳል? ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ ባሉ መሥሪያ ቤቶች በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የወደቀ መከላከያ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ለጌጥ እንደተሰቀለ ጋሻ ነው።

ጉዳዩ የትልልቅ ተቋማት ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው እንደተሰረዘ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። የተማሪው ዕጣ ፈንታ ከወረቀት ወደ ማሽን በተሻገረ ቁጥር የማሽኑ ጠባቂ ኃላፊነትም ይከብዳል።

መጠባበቂያ ቅጂ፦ ዲስክ፣ የመረብ ማከማቻ ወይስ ክላውድ?

ከዚህ የምጀምረው ሌሎቹ መከላከያዎች ሁሉ ሲሸነፉ የሚቀረው ይህ ስለሆነ ነው። ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው ተነቃይ ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለተኛው ከመረቡ ጋር ሁልጊዜ ተያይዞ የሚሠራ፣ በተለምዶ ናስ የሚባለው ማከማቻ ነው። ሦስተኛው በኢንተርኔት በኩል ወደ ክላውድ፣ ማለትም ሌላ ድርጅት ወደሚያስተዳድረው የኪራይ ሰርቨር፣ የሚላክ ቅጂ ነው።

ናስ ለባለሙያው ይመቻል፤ በየሌሊቱ በራሱ ይገለብጣል፣ ማንም ማስታወስ አያስፈልገውም። ድካሙም እዚያው ላይ ነው፤ ሁልጊዜ የተያያዘ በመሆኑ ፋይሎቹን የሚቆልፍ ቫይረስ በዚያው መረብ ተጉዞ ይደርስበታል። በኔዘርላንድስ የሚገኘው የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አጥቂዎቹ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 አንድ ሠራተኛ በከፈተው የማታለያ ኢሜይል ገብተው ከሁለት ወር በላይ ውስጥ ለውስጥ ከተንቀሳቀሱ በኋላ፣ ለገና ዕረፍት በተዘጋበት በዲሴምበር 23 ቀን ሰርቨሮቹን ቆለፉ። ከመረቡ ጋር ተያይዘው የነበሩ መጠባበቂያዎችም አብረው ስለተቆለፉ ዩኒቨርሲቲው 30 ቢትኮይን፣ በጊዜው ወደ 200 ሺሕ ዩሮ የሚጠጋ፣ ለመክፈል ተገደደ። ገንዘብም ባለሙያም ያልጎደለው ተቋም ነበር።

ክላውድ ከቃጠሎና ከሌባ ያድናል፣ ሕንፃው ቢፈርስ ቅጂው ሌላ ቦታ አለ። ነገር ግን ቁጥሩን በወረቀት ላይ ማስላት ይገባል። 500 ጊጋባይት መረጃ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ለመመለስ፣ መስመሩ ለአፍታ እንኳ ሳይቋረጥ፣ ከ4 ቀን ተኩል በላይ ይወስዳል፤ መስመራችን ደግሞ ሳይቋረጥ እንደማይውል እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ቅጂው በክላውድ ብቻ የነበረ ሰው መረጃ ነበረው ለማለት ያስቸግራል።

ተነቃይ ዲስክ ከሦስቱ ኋላቀር ይመስላል፤ ለአብዛኛው ትምህርት ቤትና ወረዳ ግን ቀዳሚ ምርጫው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የ3000 ተማሪዎች ውጤት በፊደልና በቁጥር ብቻ ሲቀመጥ 1 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ቦታ የሚወስደው ፎቶግራፍና ስካን የተደረገ ሰነድ ነው፤ እርሱም ቢሆን በ1 ቴራባይት ዲስክ ውስጥ እንደ ልብ ይገባል። ሁለት ዲስክ ገዝቶ ሳምንት በሳምንት ማፈራረቅ፣ አንዱ ሲገለበጥበት ሌላው ፈጽሞ ያልተሰካ ሆኖ በካዝና እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። በየወሩ ደግሞ አንድ ቅጂ ወደ ሌላ ሕንፃ፣ ከተቻለም ወደ ሌላ ከተማ ይሂድ፤ የቢቸና ትምህርት ቤት ቅጂውን በሞጣ፣ የሞጣውም በቢቸና ቢያስቀምጡ ወጪው የአንድ ዲስክና የመኪና መሳፈሪያ ነው። ገበሬው ለዘር የሚሆነውን እህል ከሚበላው ለይቶ በሌላ ጎታ የሚያስቀምጠው አንዱን ነቀዝ ቢገባበት ወይም እሳት ቢነሳበት ሁለተኛው እንዲተርፈው ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ የሚለው የባለሙያዎች ደንብም የሚለው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከሕንፃ ውጭ የሚወጣ ዲስክ ቢጠፋ ማንም እንዳያነበው መመስጠር አለበት። በዊንዶውስ የፕሮፌሽናል እትም ውስጥ ያለው ቢትሎከር ወይም በነጻ የሚገኘው ቬራክሪፕት ይበቃል። የመፍቻ ቁልፉ ግን በባለሙያው ጭንቅላት ብቻ እንዳይቀር በወረቀት ተጽፎ፣ በታሸገ ፖስታ፣ በፋይናንስ ክፍሉ ካዝና ይቀመጥ። ቁልፉን የያዘው ባለሙያ ሥራ ለቆ ዲስኩ ለዘለዓለም የተዘጋበትን መሥሪያ ቤት አውቃለሁ፤ አጥቂ ሳያስፈልጋቸው መረጃቸውን አጥተዋል።

ያልተሞከረ ቅጂም እንደ ቅጂ አይቆጠርም። በወር አንድ ጊዜ ከዲስኩ ላይ አንድ ክፍል ተመርጦ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይመለስ፣ የአንድ ተማሪ ውጤት ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር፣ የሞከረውም ሰው ይፈርም። ናስ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ናሱን ይተዉት አልልም፤ በላዩ ላይ የሚነቀል ነገር ይጨምሩበት እላለሁ።

መረጃው የት ይኑር?

ሰርቨርን በራስ ግቢ ማኖር፣ በአገር ውስጥ ክላውድ መከራየት ወይም የውጭ ኩባንያ አገልግሎት መጠቀም፤ ምርጫው በነዚህ መካከል ነው።

በግቢ ያለ ሰርቨር ኢንተርኔት ቢቋረጥም የግቢውን ሥራ ያሠራል፤ ተማሪ ይመዘገባል፣ ትራንስክሪፕት ይታተማል። የሚጠይቀው ግን ብዙ ነው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ክፍል፣ ዩፒኤስ፣ ጄኔሬተር፣ በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦና በየወሩ ማሻሻያ የሚጭን ሰው ይፈልጋል። የክረምቱ መብረቅና የመብራት መዋዠቅ በእኛ አካባቢ ከማንኛውም ሰርጎ ገብ ይልቅ ብዙ ዲስክ አቃጥሏል። ዕቃ ሲበላሽ መለዋወጫው ዓባይ በረሃን ተሻግሮ እስኪደርስ ቀናት ይቆጠራሉ።

ኢትዮ ቴሌኮም የሚያከራየው የአገር ውስጥ ክላውድ የመብራቱንና የዕቃውን ጣጣ ይወስድልናል፤ ክፍያው በብር ነው፣ መረጃውም ከአገር አይወጣም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የበለጠ ክብደት አለው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታ ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። የተማሪ ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ የጤና ካርድ፣ የፋይዳ ቁጥር የያዘ መዝገብ በውጭ ኩባንያ ነጻ አካውንት ላይ ከመጫኑ በፊት የተቋሙ የሕግ ክፍል ሊያየው ይገባል። የውጭው አገልግሎት በጥበቃ አቅሙ ከሁሉም የላቀ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል መሆኑ፣ ክፍያው የዘገየ ዕለት መዘጋቱና ችግር ሲገጥም በስልክ የሚገኝ ሰው አለመኖሩ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከባድ ነው።

የሌላ ሰው ሥርዓት መጠቀም ኃላፊነቱን አያሻግርም። በሰሜን አሜሪካ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ፓወርስኩል የተባለ የተማሪ መረጃ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ተጠቅቶ ነበር። አጥቂው የገባው በተሰረቀ አንድ የመግቢያ መለያ ነው። ድርጅቱ ቤዛ ከፈለ፣ የተወሰደው መረጃም ተሰርዟል ተባለ፤ በ2025 ግን ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው እንደገና የማስፈራሪያ መልእክት ደረሳቸው። ትምህርት ቤቶቹ ምንም አላጠፉም፤ የልጆቹ መረጃ ግን የእነርሱ ልጆች መረጃ ነበር። ስለዚህ የተማሪ አስተዳደር ሶፍትዌር ከግል አቅራቢ ሲገዛ በውሉ ላይ ሦስት ነገሮች በግልጽ ይጻፉ፤ አቅራቢው በየትኛው መለያ እንደሚገባና መቼ እንደሚዘጋበት፣ መረጃው በሚነበብ ቅርጽ በየስንት ጊዜው ለተቋሙ እንደሚሰጥ፣ ውሉ ሲያልቅ ቅጂው እንዴት እንደሚጠፋ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ከአንድ ባለሙያ በላይ የሌለው ትምህርት ቤት ወይም ወረዳ ሰርቨር አይግዛ፤ በአንድ ደህና ኮምፒዩተርና በሚፈራረቁ ዲስኮች ይሥራ። ኮሌጆች የዕለት ሥራቸውን በግቢ፣ ድረ ገጻቸውን በኪራይ ቢያደርጉ ይሻላቸዋል። እንደ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሬጅስትራሩን በራሳቸው ሰርቨር፣ የኢንተርኔት ትምህርቱንና ከውጭ የሚታየውን ነገር ሁሉ ተነጥሎ በተቀመጠ ሌላ ማሽን ላይ ማድረግ አለባቸው፤ ተማሪ የቤት ሥራ የሚጭንበት ሙድል የተማሪ ውጤት ካለበት ዳታቤዝ ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ መኖር የለበትም።

በዚሁ አጋጣሚ የርቀት ጥገናን ላንሳ። ከባሕር ዳር ሆኖ በፍኖተ ሰላም ያለ ኮምፒዩተር ለማስተካከል ሲባል የዊንዶውስ የርቀት መግቢያ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ተከፍቶ የሚተው ብዙ ጊዜ ነው። ፋይል የሚቆልፉ አጥቂዎች ከሚመርጧቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው። በምትኩ ዋየርጋርድ ወይም ሌላ የታወቀ ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ተጭኖ መግቢያው በዚያ ውስጥ ብቻ ይከፈት። ዋየርጋርድ ነጻ ነው፣ በደካማ መስመርም ይሠራል።

መለያና የይለፍ ቃል

የይለፍ ቃልን በየሦስት ወሩ አስገድዶ ማስቀየር ወይስ አንድ ረጅም ቃል ይዞ መቆየት? ብዙ መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ሠራተኛውም በመጨረሻው ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይቀይርና ወረቀት ላይ ጽፎ ኪቦርዱ ሥር ያስቀምጠዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን እንዲተዉ፣ ርዝመትን ግን እንዲያበረታቱ መክሯል፤ እኔም በሥራ ያየሁት ይህንኑ ነው። አራት አምስት ቃል ያለው፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ዐረፍተ ነገር በላቲን ቁልፎች ቢጻፍ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ይሆናል። የታወቀ ተረትና ምሳሌ ወይም ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ቅኔ ግን አይሁን።

ርዝመት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣው ኮድ ለማንም ስልክ ይሆናል፤ ነገር ግን ኔትወርክ ሲጠፋ አይደርስም፣ ሲም ካርዱን በሌላ ሰው ስም ያስወጣ ሁሉ ይቀበለዋል፣ ሠራተኛው ቁጥሩን ሲቀይርም በሩ ይዘጋበታል። በስልክ ላይ የሚጫነው የኮድ መተግበሪያ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ራሱ ስለሚያመነጭ ኢንተርኔትም ኔትወርክም አይፈልግም፤ ለእኛ ሁኔታ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። አንድ እንቅፋት ግን አለው። ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው፤ ከእኛ መካከል ብዙ ሰው ስልኩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያሳይ በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ እንዲህ ያለ ስልክ የሚያወጣው ኮድ ሁልጊዜ ስሕተት ነው። በአንድ ሥልጠና ላይ የግማሹ ሰው ኮድ አልሠራ ብሎ መተግበሪያው የተበላሸ መስሎን ግማሽ ቀን ካባከንን በኋላ ምክንያቱ ይህ ሆኖ አግኝተነዋል። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ተደርጎ የሐበሻ ሰዓት የሚያሳይ ሌላ መተግበሪያ ቢጫን ችግሩ ይፈታል።

ሦስተኛው አማራጭ እንደ ፍላሽ የሚሰካ የደህንነት ቁልፍ ነው። የመልእክቱንም የመተግበሪያውንም ኮድ አታላይ በሐሰተኛ ገጽ ተቀብሎ ወዲያው ሊጠቀምበት ይችላል፤ ቁልፉ ግን የተመዘገበበት እውነተኛ ገጽ ካልሆነ ስለማይመልስ በዚህ መንገድ አይታለልም። ከውጭ የሚገባና ውድ ስለሆነ ለሁሉም ሠራተኛ አይዳረስም፤ ለሰርቨሩ አስተዳዳሪ፣ ለሬጅስትራሩ ኃላፊና ለኢሜይሉ አስተዳዳሪ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት፣ አንዱ በእጅ አንዱ በካዝና፣ ቢገዛ ግን ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር ይልቅ ያዋጣል። ለቀሩት መተግበሪያው፣ ዘመናዊ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ መልእክቱ ይሁን፤ ደካማው ማረጋገጫ እንኳ ከምንም ይሻላል።

አንድ አድሚን የሚባል መለያ አራት ሰው ሲጠቀምበት ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ከዚህ የከፋው የሄደ ሰው መለያ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲዛወር ከንብረት ክፍል፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከፋይናንስ ክሊራንስ ያስፈርማል፤ ወንበርና መጽሐፍ መመለሱ ይጣራል። በዚያው ቅጽ ላይ «የኮምፒዩተር መለያዎቹ ተዘግተዋል፣ የተቋሙ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጽ አስተዳዳሪነት ተነስቷል» የሚል አንድ መስመር ተጨምሮ የአይሲቲ ባለሙያው እንዲፈርምበት ቢደረግ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ ርካሹና ወዲያው የሚሠራው ጥበቃ ይሆናል። የብዙ ወረዳዎች የሕዝብ ግንኙነት ገጽ በአንድ ባለሙያ የግል ስልክ ላይ የተከፈተ መሆኑ ያሳስበኛል፤ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» በሚል የማታለያ ማስፈንጠሪያ ቴሌግራሙ ሲወሰድ በመንግሥት ስም የሚናገረው አጥቂው ይሆናል።

የኮምፒዩተሩ ሶፍትዌር

በዚህ ላይ ማብዛት አያስፈልግም። የሚገዛ አንቲቫይረስ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ወይስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ? ዲፌንደር በየጊዜው ከታደሰ ለአብዛኛው የቢሮ ሥራ በቂ ነው። ችግሩ በክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ፣ የተጫነ ዊንዶውስና ኦፊስ ነው፤ ክራኩን የሚያሠራው ፕሮግራም አስቀድሞ ዲፌንደሩን አጥፉልኝ ይላል፣ እኛም በገዛ እጃችን ዘበኛውን አሰናብተን ያልታወቀ ሰው እናስገባለን። የማሻሻያ መዘግየትም እንዲሁ ነው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በሜይ 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያናውጥ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020፣ የመደበኛው ዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችሉ ማሽኖች በየላቦራቶሪው ብዙ ናቸው፤ ለትየባ፣ ለኢንተርኔትና ለማስተማሪያ የሚውሉትን ወደ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ማዛወር ተገቢ ነው፤ በአማርኛ መጻፍም በሁለቱም ይቻላል። የግድ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የፋይናንስ ወይም የደመወዝ ፕሮግራም ያለበት ማሽን ግን ለብቻው ተለይቶ አዲስ ይገዛለት።

የመረቡ አጥር

እዚህ ላይ ገንዘብ በብዛት ይባክናል። እንደ ፎርቲጌት ያለ የሚገዛ ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ መረቡ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ በረኛ፣ ጠንካራ ዕቃ ነው፤ የአዳዲስ ጥቃቶች ዝርዝር የሚመጣለት ግን ዓመታዊ ፈቃዱ እስከታደሰ ድረስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በፕሮጀክት ገንዘብ ተገዝቶ በሁለተኛው ዓመት የማደሻ በጀት ያልተያዘለት ፋየርዎል ብዙ ቦታ አለ፤ መብራቱ እየበራ ኃላፊዎችን ያረጋጋል፣ የሚያውቃቸው ጥቃቶች ግን ያረጁ ናቸው። ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ የተባለው የፋየርዎል ሶፍትዌር ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ በነጻ ይጫናል፤ ሱሪካታ የተባለውን የጥቃት መከታተያም ይቀበላል። የሚጠይቀው ጊዜ ሰጥቶ የሚማረው ሰው ነው። ሁለት ባለሙያ ያለው ኮሌጅ ይህን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ባለሙያው በየዓመቱ የሚቀያየርበት ወረዳ ግን ለብቻው ይህን አይጀምር፤ በክልል ወይም በዞን ደረጃ የሚተዳደር ነገር ይጠይቅ።

ሁለቱም ሳይገዙ የሚሠራ ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እርሱም መለያየት ነው። ማይክሮቲክ ራውተርና ሊዋቀር የሚችል ስዊች ባለበት ሁሉ የተማሪዎች ዋይፋይ፣ የቢሮዎች መረብ፣ የሬጅስትራርና የፋይናንስ መረብ፣ የካሜራዎች መረብ እየተከፈለ እርስ በርሱ እንዳይተያይ ይደረጋል። በዶርም ያለ ላፕቶፕ ላይ የገባ ቫይረስ ሬጅስትራሩን በዓይኑ እንኳ ካላየው ሊነካው አይችልም። አዲስ ፋየርዎል ለመግዛት የሚያስብ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሳይጨርስ ግዥ ባይጀምር እመርጣለሁ። 20 ኮምፒዩተር ላለው ትምህርት ቤት ደግሞ ከፋብሪካ የመጣው የራውተሩ የይለፍ ቃል ተቀይሮ፣ የራሱ ሶፍትዌር ታድሶ፣ የእንግዳ ዋይፋይ ከተለየ በቂ ነው።

ድረ ገጽን በተመለከተ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የያኔው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ የአሁኑ አስተዳደር፣ ከግብፅ የተነሱ ቡድኖች በመንግሥትና በሌሎች ድረ ገጾች ላይ የሰነዘሩትን ጥቃት እንዳከሸፈ ማስታወቁ ይታወሳል። ለእንዲህ ያለው ጥቃት ቀላሉ ዒላማ ማሻሻያ ያልተጫነለት ወርድፕሬስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያና የተረሱ ተቀጽላዎቹ ናቸው። ማስታወቂያና አድራሻ ብቻ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ የሌለው ቋሚ ገጽ ቢያሠራ የሚጠለፍበት ቀዳዳ በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥቃቱ የደረሰ ዕለት

ሁለት ልማድ አያለሁ። አንዱ ባለሙያው በድንጋጤ ማሽኑን ወዲያው ፎርማት ማድረጉ ነው፤ ማስረጃውም፣ ምናልባት መክፈቻ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ሌላው ስም እንዳይጠፋ ብሎ መደበቅ ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፣ የመጀመሪያዋ ሰዓት ከሚቀጥሉት ሳምንታት ትበልጣለች። የመረብ ገመዱ ይነቀል፣ ዋይፋዩ ይጥፋ፣ ማሽኑ ግን አይዘጋ፤ ሲዘጋ የሚጠፋው፣ በማሽኑ ጊዜያዊ ማህደር (ራም) ውስጥ ያለው ነገር ለመርማሪ ይጠቅማል። በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ይነሳ። የመጠባበቂያ ዲስኩን ለመመልከት ብሎ በዚያ ማሽን ላይ መሰካት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ በዚያች ስሕተት የመጨረሻው ቅጂ ይሄዳል።

ማሳወቅ ደግሞ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የመንግሥት አካል ወንጀሉ መፈጸሙን ሲያውቅ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር እንዲያሳውቅና ለፖሊስ እንዲያመለክት ያስገድዳል፤ አስተዳደሩም ለድንገተኛ የኮምፒዩተር ጥቃት ምላሽ የሚሰጥ ክፍል አለው። ሠራተኛው ደፍሮ እንዲናገር ግን ኃላፊው አስቀድሞ ቃል መግባት ይኖርበታል፤ የተሳሳተ ማስፈንጠሪያ የነካ ሰው በዚያችው ደቂቃ ከተናገረ አይቀጣም፣ ከደበቀ ግን ይጠየቃል። በቅጣት የሚያስፈራራ መሥሪያ ቤት ስለ ጥቃቱ የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው።

ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 የገንዘብ ሚኒስቴሯ ሥርዓቶች ሲቆለፉባት ጉምሩኳ ወደ ወረቀት ተመልሶ ነበር፤ አዲሱ ፕሬዚዳንትም በሜይ የአስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል። እኛ ወረቀቱ ገና በእጃችን ነው። ማርክ ሊስቱን፣ ባሕር መዝገቡን፣ የገቢ ደረሰኝ ቅጠሉን «አሁን ዲጂታል ሆነናል» ብሎ ከመጣል በፊት ቢያንስ የአንድ የትምህርት ዘመን ወረቀት በመዝገብ ቤት ይቆይ። በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ደግሞ፣ በስልክ ውስጥ ሳይሆን በወረቀት፣ በትልቅ ጽሑፍ፣ የባለሙያው፣ የተተኪው፣ የኃላፊውና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ስልክ ቁጥሮች፣ ከሥራቸውም ዲስኮቹ ያሉበት ካዝና እና ቁልፉን የያዙት የሁለት ሰዎች የሥራ መደብ ይለጠፍ፤ ሰው በተዛወረ ቁጥርም ወረቀቱ በአዲስ ይተካ።